የግራ ጉንጭ ጠባሳ

ሄርማታ መውረጃ፣ ከልብስ ሰፊው አጠገብ፣
ቆርቆሮ ጣራዬን ዝናብ ሲደበድብ፣
ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር፣
የተሸናፊ ጥርስ ያረፈበት ጆይስቲክ፣ እግሩ የላላ ወንበር፤
ሀብቴ ይኸው ነው፣ ዙሩ በአምስት ብር።

የቤቱ ባለቤት አባ ፊጣ ናቸው።
ወር በገባ ባንዱ ከዘራ ቀድሟቸው
በሩን ቋ! ሲያደርገው ጨዋታው ይቆማል፤
«ይኼ የሸይጣን ሣጥን ዛሬም አልተዘጋም?» ዝም ይባላል።
«ኪራይስ?» ይላሉ።

ሦስት መቶ ብር ጨምር ብለው የሄዱ ለት፣
እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ እኩለ ሌሊት፣
በልጃቸው ሰርግ በስልኬ ያነሣኋቸውን
አወጣሁ ፎቷቸውን፤
ድንኳን ውስጥ፣ ጉርሻ በእጃቸው፣ ከት ብለው ሲሥቁ።
ይህን ሣቃቸውን ተከራዮች አያውቁ።

ጨዋታው ውስጥ ደግሞ አንድ ወታደር አለ፣
ከበርሜል ኋላ ብቅ ጥልቅ እያለ
ተመትቶ የሚወድቅ፣ ተነሥቶ የሚሞት፣
ስም ያልወጣለት፣ አልቃሽ የሌለው ጠላት።
ፊቱን ከፋይሉ ፈትቼ አየሁት።

የጨዋታ ፊት ሲፈታ ለካ ቆዳ ነው፤
በችካል ወጥረው ያሰጡት፣ አጥንት የሌለው፣
ያውም ግማሽ ብቻ፦ አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ፣ የአፍንጫ እኩሌታ፤
ኮምፒውተሩ ግራውን ገልብጦ ይለጥፈዋል በቀኙ ፈንታ።

አባ ፊጣን እዚያ ቆዳ ላይ ዘረጋኋቸው፣
ፎቶሾፑ ላይ በሌየር በሌየር አነጠፍኳቸው፤
ጉንጫቸውን ሳብኩ፣ አገጫቸውን ገፋሁ፣
የዓይናቸውን ጥግ ከወታደሩ ዓይን ጥግ አጋባሁ፤
የድንኳኑ ሸራ ሰማያዊ ጥሎባቸው ነበር፣
እሱን ቀንሼ ቀይ ጨመርኩ፣ እንደ ወጥ ጨው በቁንጥር።
ጠርዙን በለስላሳ ብሩሽ እያሸሁ፣ እያሸሁ፣
የሳቸው ግንባር የት አልቆ የሱ ራስ ቁር የት እንደጀመረ እስኪጠፋኝ ሠራሁ።
አንገቱ ብቻ እምቢ አለኝ፤ የሱ አንገት አመድማ፣
የሳቸው ጠይም፤ ሳላገጥመው የሱብሂ አዛን ተሰማ።

በማግስቱ ሰልፍ ሆነ።
ሙደሲር አሥር ጊዜ ገደላቸው፣ ገዛኸኝ ሃያ ሁለት፤
እየሣቁ ይወድቃሉ፣ እየሣቁ ብድግ፣ ደግሞ ሌላ ጥይት።
ሳምንት ሳይሞላ ያን ሦስት መቶ ብር
ራሳቸው ሞተው ከፈሉልኝ፣ በሞት በሞት ሲቆጠር።

ከዚያ፣ ወር ሳይገባ፣ ያለ ቀናቸው፣
ጃንጥላ ረስተው፣ ዝናብ አባሯቸው
ገቡ።
ገዛኸኝ ማጥፊያውን አጣው።
አባ ፊጣ አባ ፊጣን አዩት፤ ሲሥቅ፣ ከዚያ ሲወድቅ።
ከዘራ ተደግፈው ቀረብ፣ ጎንበስ፣
ቀኝ ጉንጫቸውን በጣት ዳበስ ዳበስ፦
«በቅሎ የረገጠችኝ በግራ ነው፣ አንዴ ብቻ።
በቀኝ ማን ረገጠኝ? አንተ ነህ?»
ስለ ግማሹ ፊት፣ ስለ መስታወቱ ተንተባተብኩ፤
«እቃህን አውጣ» የሚለውን ቃል ጠበቅኩ።

እሳቸው ሦስት ጊዜ ሲሞቱ ዝም ብለው አዩ።
«ያኛውስ?» አሉ ቆይተው፣ «አጥር የሚዘለው?
ጉልበቱ ደህና ነው?»
«ደህና ነው አባ።»
«እንግዲያው እዚያ አድርገኝ። የኔ ጉልበት ከመስጂድ ደረጃ ከተጣላ ሰባት ዓመቱ።
ግን የቀኙን ጠባሳ አጥፋ። ግራው ይቆይ፣ የኔ ነው።»
አይሆንም አልኳቸው፤ ካጠፋሁ ሁለቱንም፣ ከተውኩ ሁለቱንም ነው።
አሰቡ። ጣራው ላይ ዝናቡ ሳሳ።
«ተወው» አሉ፣ «ሳልረገጥ ከምሮጥ፣
ሁለቴ ተረግጬ ልሩጥ።»

አሁን ወር በገባ ባንዱ ከዘራው ቋ! ሲል
ሙደሲር ወንበሩን ለቆ ይነሣል።
ጆይስቲክ አይነኩም፤ «አስሩጠኝ» ይሉታል።
ግድግዳ ሲዘሉ፣ ከጣራ ጣራ ሲከንፉ
ያ የታመመው እግር ከወለሉ ብድግ ብድግ ይላል፣ ሳያውቁት።
አምስት ብራቸውን በሳንቲም ቆጥረው ይከፍላሉ።
«ኪራይስ?» ይላሉ።

ሦስቱን መቶ አልቀነሱም።
አንገቱም እስከ ዛሬ አልገጠመልኝም።